ሀራራ መስሎን የወጣነው ተራራ

ስለ ጓደኛዬ ሞት ያየሁትን ከተናገርሁት ለይቼ ማስታወስ ከተሳነኝ ሰንብቷል። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ታሪክ ነው። መምህራኖቻችን አንድ ምስክር ብቻ ያለውን ነገር በጥርጣሬ እንድናይ ያስጠነቅቁን ነበር፤ ያ ብቸኛ ምስክር እኔው ራሴ ስሆን ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ግን የነገረኝ የለም። በዚህ በጅቡቲ ከተማ ከትምህርቴ ሁሉ የጠቀመኝ በጎን የለቃቀምሁት ፈረንሳይኛ ነው፤ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ወረቀት እየተረጎምሁ እኖራለሁ።

ጓደኛዬ በነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘኖች ወደ አገር ቤት የሚጫነውን ዕቃ የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነበር። ካርቲየ 5 ውስጥ፣ በአንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ሚስቱ ከአንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ዘንድ እያደረች የምትሠራ ሴት ስለነበረች ወደ እሱ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ትንሿ ልጃቸው ወሎ፣ በእናቱ ቤት ታድግ ነበር። ስለዚህ በሳምንት አንዲት ቀን የምትኖር ትዳር ነበረቻቸው፤ ያችንም ቀን ጫት ይወስዳት ነበር።

ቀትር አልፎ ጫቱ ከድንበር ማዶ መጥቶ ሲደርስ ከተማው በመኪና ጡሩምባ ይናወጣል። እሷ ከማዕከላዊ ገበያ ዓሣና ሎሚ ገዝታ ላቧን እየጠረገች ስትገባ፣ እሱ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ቅጠሉን ይቀነጥሳል። ሲመረቅን ዓለምን ሁሉ አብረው ሊዞሩ ያቅዳል፤ የምትመለስበት ሰዓት ደርሶ ስትነሳ ግን መነሣቷን እንኳ አያስተውልም። አንድ ዓርብ የተናገረችውን በግድግዳው ማዶ ሰምቻለሁ፤ ይህን መስማቴን አልጠራጠርም።

«አንተ እኮ የእኔ ባል አይደለህም፤ የቅጠል ባል ነህ። እኔማ በሳምንት አንዴ ብቅ የምል እንግዳ ነኝ።»

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄደች። የንስሐ አባታቸው «ተው ልጄ፣ መሐላ አያስፈልግም፣ ጸልይ ብቻ» ቢሉትም እሱ ካልማልሁ አለ። «ዳግመኛ ጫት ብቀምስ የልጄን ዓይን አያሳየኝ» ብሎ ማለ። ይህንንም የነገረኝ ራሱ ነው፤ እየሳቀ።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። አሠሪዎቿ ሰሜን ተራሮችን ጎብኝተው ሲመለሱ ፎቶግራፎቹን አሳይተዋት ነበር። ወደ እኔ ክፍል በር መጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሽዬ፣ እዚያ ቅጠል የሚሸጥ የለም። ብርድ ነው፣ ገደል ነው፣ ዝንጀሮ ነው። እርስዎም የነገሥታቱን ታሪክ ያውቃሉ፤ ከተሞቹን እያሳዩ ይዘውት ይውጡ። ታጥቦ ይምጣልኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ከዚህ ከወጣሁ ማን ይመልሰኛል? ወረቀት የለኝ።»

መንገዱ ሁሉ ሰላም በነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን ቢሆን እንዲህ ያለውን ሽርሽር ያሰበ ሰው እንደ ዕብድ ይቆጠር ነበር። የሥራ ፈቃዳችንን አስተካክለን ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተነሣን። ድሬዳዋ አደርን፤ በማግስቱ ወደ ሐረር የሚወጣ ሚኒባስ ያዝን። ያኔ ያላሰብሁት ነገር ቢኖር ወደ ተራራው የሚያደርሰው መንገዳችን በጫት አገር መካከል ማለፉን ነው። አወዳይ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሻጭ ሴቶች የጫቱን እስር በየመስኮቱ እያስገቡ ፊታችን ላይ ያወዛውዙት ጀመር። እርጥቡ ቅጠል መኪናውን በሽታው ሞላው። ጓደኛዬ ፎጣውን አፍንጫው ላይ ጠመጠመ። ወያላው አይቶት ኖሮ ለሕዝቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፦

«ሬሳ ጭነናል እንዴ ጎበዝ? ሰው አወዳይ መጥቶ አፍንጫውን ይይዛል?»

«ሬሳው እኔ ነኝ፤ አታስቁም፣ ይንዳው!» አለው ጓደኛዬ።

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

ሐረር ላይ ሀራራው ያዘው። እጁን ያፍታታል፣ ያዛጋል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ስናልፍ ስለ ግንቡ የምነግረውን አንዱንም አልሰማም። አመሻሹ ላይ ከከተማው በር ውጪ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ዘንድ ሄድን። ጓደኛዬ ሥጋው የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ተንበረከከ፤ ጅቡ ከትከሻው በላይ ተንጠራርቶ ሥጋውን ሲነጥቀው ዓይኑን አልጨፈነም። ሲነሣ «አፌ ሥራ አገኘ» አለኝ። በዚያ ሰሞን ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል።

ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ጎንደር ስንደርስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቷል፣ ቁርሱን በልቷል፣ ቁጣው በርዷል። በፋሲል ግቢ ግንቦች መካከል ቆሜ ማን የትኛውን እንዳሠራ ሳብራራለት፣ ደረጃውን ዘልቆ እየወጣ «ይህን ሁሉ ያለ ጫት ነው የገነቡት?» ብሎ አሳቀኝ። ይህን ነገር አጥብቄ የማነሣው ስለሚጠቅም ነው፦ ሀራራው ጎንደር ላይ ለቅቆት ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ስደረድራቸው ይህ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። ያኔ ግን ማናችንም ቀን አልደረደርንም።

ከደባርቅ መሪ ቀጠርን፤ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ጎልማሳ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። በበቅሎ ዕቃችንን ጭነን በገደሉ አፋፍ ላይ መጓዝ ጀመርን። ዓመቱን ሙሉ ባሕር ጠርዝ ላይ፣ በእሳት ውስጥ የኖርን ሰዎች ነን፤ አየሩ ቀጭን ሆኖ ደረታችን ውስጥ አልገባ ሲለን ብርዱ ነው አልን። የመጀመሪያው ሰፈራችን ሳንካበር ስንደርስ ጓደኛዬ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ራስህን የሚያምህ ከደጋው ይሆናል» አለው መሪያችን።

«የለም፣ ይህን ሕመም በስሙ አውቀዋለሁ። ሀራራ ይባላል።»

«እኛ አገር እንዲህ ያለ በሽታ የለም።»

«ይዤላችሁ መጣሁ።»

መሪያችን ወደ እኔ ዞረ። ለረጅም ዓመታት ሲቅም ኖሮ በቅርቡ ማቆሙን ነገርሁት። «እንዲያ ከሆነማ ይለቅቀዋል» ብሎ ተወው። ነገሩን ከሁሉ የከፋ ያደረገው ምልክቶቹ መመሳሰላቸው ነው። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ምግብ እምቢ ማለቱ፣ ድካሙ፣ ሁሉም ካርቲየ 5 ውስጥ ጫት ሳይገባ በቀረ ቀን በየቤቱ የምናየው ነው። ጫት ባቆመ ሰው ደረት ላይ በእንቅልፉ የሚቀመጠውን፣ ትንፋሹን የሚያፍነውን ቅዠት ቃሚዎች ዱካክ ይሉታል። ግጭ ከሚባለው ሜዳ በደረስን ማግስት ጠዋት ጓደኛዬ ዓይኑ ቀልቶ ከድንኳኑ ወጣና «ሌሊቱን ሙሉ ዱካክ ሲያፍነኝ አደረ፤ እየባነንሁ አየር እለምን ነበር» አለኝ። አየሩ ለሱ የሚበቃ እንዳልነበረ ማናችንም አላሰብንም። ስም ነበረን፤ ስም ያለው ነገር አያስፈራም።

የዚያን ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አየን። ከገደሉ ሥር እየወጡ በጓሳው ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተበተኑ። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ወደ አፋቸው ይከታሉ እንጂ ሰው መጣ ብለው አይሸሹም። ጓደኛዬ በመካከላቸው ተቀመጠ፤ ለማየት ጓጉቶ ይሁን መቆም አቅቶት፣ አላውቅም።

«ተመልከት» አለኝ። «እነዚህም በርጫ ላይ ናቸው። ከጠዋት ጀምረው ይቀነጥሳሉ፤ ማንም አላስማላቸውም።»

መሪያችን ከትከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን የጠቆረውን የጓደኛዬን ከንፈር አተኩሮ አየና «ካልተሻለህ እንውረድ፤ ተራራው የትም አይሄድም» አለው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። በትዝታዬ ውስጥ ጓደኛዬ ለመሪያችን የመለሰለት መልስ አለ፦ «እሷን ምን እላታለሁ? ሀራራ አሸንፎኝ ከመንገድ ተመለስሁ ልበላት?» ድምፁን እሰማዋለሁ፤ ከቃሉ በፊት ያሳለውን ሳል እንኳ እሰማለሁ። ችግሩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሌላም ቦታ የማስታውሰው መሆኑ ነው። በባቡሩ ውስጥ፣ ድሬዳዋ ልንገባ ስንል፣ አጠገባችን የተቀመጠ መንገደኛ ከእስሩ ቀንሶ «እንካ፣ ቅመስ» ሲለው እንዲሁ ብሎ ሲመልስለት አያለሁ። በባቡሩ ውስጥ ከሆነ የተናገረው ስለ ቅጠል ነው። በግጭ ከሆነ ስለ ሕይወቱ ነው። ሁለት ጊዜ ብሎት ይሆን? ወይስ በኋላ የደረሰው ነገር አንዱን ቃል ከቦታው ነቅሎ ሌላ ቦታ ተክሎብኝ ይሆን? መሪያችንን እንዳልጠይቅ ስልኩ ጥሪ መቀበል ካቆመ ቆይቷል፤ ያ አገርም የደረሰበትን ሁሉም ያውቀዋል።

እንዲያም ሆነ እንዲህ፣ አልወረድንም። ወደ ቀጣዩ ሰፈር ወደ ጨነቅ ቀጠልን። መንገዱ ላይ ሰውነቱ እንደ ሰከረ ይወላገድ ነበር፤ በረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መካከል እየቆመ ያስላል። ጨነቅ ስንደርስ ዋልያዎቹ ከማዶው ገደል ላይ ነበሩ፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ፣ እግራቸው የሚያርፍበት ቦታ የሌለ በሚመስል ዐለት ላይ የቆሙ። መሪያችን በጣቱ አሳየን። ጓደኛዬም አየ፤ ቢያንስ ፊቱ ወደዚያ ዞሮ ነበር። ወዲያው ደም የነካው አረፋ ተፋ። መሪያችን ያኔ ቀልዱን ተወ። «ይህ ሀራራችሁ አይደለም» አለ፤ «ይህ ደጋው ነው፤ ቶሎ እናውርደው።»

ገብስ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ረዳቱን ከኋላ ጆንያው ላይ አውጥቶ እኛን ከፊት አስቀመጠን። ጓደኛዬ በእኔና በሾፌሩ መካከል ሆኖ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ በድስት ውስጥ እንደሚንተከተክ ውሃ ይሰማል። ሾፌሩ በየጠመዝማዛው «አይዞህ ወንድሜ፣ ደባርቅ ደረስን» ይለው ነበር። ደባርቅ ሳንደርስ የጓደኛዬ ትንፋሽ ቆመ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና ባርኔጣውን አወለቀ። ሐኪም ያየው ከሞተ በኋላ ነው። «ከፍታው ሳንባውን ውሃ ሞልቶት ይሆናል» አለን። ታላቅ ወንድሙ የያዘው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ይሆናል» የምትለዋን ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አስከሬኑን ወሎ ወስደን ቀበርን። ሚስቱ አልመጣችም፤ አልቻለችም። የቀብሩ ሰው ግን አለመቻሏን ሳይሆን አለመምጣቷን ነበር ያየው። ከአርባው በኋላ ወንድሙ ጭነት ይዞ ጅቡቲ ሲወርድ ቁርጥ ያለ ቃል ይዞ መጣ፦ ልጅቷ ከአያቷ ዘንድ ትቀራለች፤ ባሏን አስምላ ወደ ገደል የላከች ሴት ልጅ አታሳድግም። እናትየው ልጇን ወደዚህ አምጥታ አብራት ለመኖር ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ የባሏን ክፍል ይዛ ነበር። ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ተቀመጥን። ሁለት የእድራችን ሽማግሌዎች መጡ። ወንድሙ ከመንገድ እንደ ወረደ፣ አቧራው ሳይራገፍ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እሷ ጥቁር ለብሳ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ናት።

«አስምለሽዋል ወይስ አላስማልሽውም?» አላት ወንድሙ።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዲያቆም ለምኜዋለሁ። የማለው ራሱ ነው።»

«ይኸው! በራሷ አፍ! ዕድሜ ልክ የኖረ ሱስ በአንድ ቀን ይቆረጣል? እኔ እንኳ መሪ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልቅም ከዋልኩ እጄ አይታዘዘኝም። ሱሱን ቆርጣ፣ አድክማ፣ ተራራ አስወጣችው።»

አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «አብሮት የነበረ ሰው እያለ እኛን ምን ያጨቃጭቀናል። አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ያየኸውን ተናገር።»

ስለ ከፍታው፣ ስለ ሳንባው ነግሬ ሀራራ ሰውን እንደማይገድል አስረዳሁ። ወንድሙ አቋረጠኝ።

«እኔ ትምህርት አልጠየቅሁህም። እንደዚያ እያመመው ለምን አልወረደም? ሰው እየሞተ ወደ ላይ ይወጣል? ‘ለእሷ ምልያለሁ’ ብሎ ነው፤ ሌላ ምን አለ? አላለም? በእግዜር ስም ንገረኝ፣ ስሟን አላነሣም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሷም ቀና አለች፤ በዓይኗ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። ተስፋ ነበር። እሷም ያንኑ ጥያቄ ነበር የምትጠይቀኝ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት አስቧት እንደ ነበር መስማት ትፈልጋለች። አንዱ ዓረፍተ ነገር ለወንድሙ ማስረጃ፣ ለእሷ ደግሞ መጽናኛ ይሆናል፤ ውሎ ሲያድር ትርጉሙ ሲገባት ግን መጽናኛነቱም ያልቃል። እኔ ደግሞ ያን ዓረፍተ ነገር የት እንደ ሰማሁት አላውቅም። የማላረጋግጠውን ቃል በአንዲት ሕፃን ዕጣ ላይ ልጥል አልወደድሁም። ወይም ይህን ምክንያት ያገኘሁት ኋላ ነው።

«አላነሣም» አልሁ። «ዋልያውን ሳላይ አልወርድም ብሎ ነው።»

«ዋልያ?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። «የኳስ ቡድኑን?»

«እንስሳውን አባባ፤ ገደል ላይ የሚኖረውን።»

ወንድሙን አየሁት፤ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ተፈታ።

«እሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እናቴ ትሙት፣ እሱ ነው። ልጅ ሳለን የአሞራ ጎጆ አያለሁ ብሎ ገደል ሲወጣ እጁን ሰብሯል። አባታችን ገረፉት፤ እጁ ሳይድን ተመልሶ ወጣ። እሱ ነው እንዲህ የሚያደርግ።» ከዚያ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት እንደማያለቅሰው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሲያበቃም በመጪው ምልልሱ ልጅቷን ከፊት ወንበሩ አስቀምጦ እንደሚያመጣት ለሽማግሌዎቹ ቃሉን ሰጠ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው የማላውቀው የበዛው። ፈጥሬ የተናገርሁትን የገዛ ወንድሙ በልጅነቱ ትዝታ አረጋገጠልኝ። ምናልባትስ እውነቱ ይኸው ቢሆን? ምናልባት ያልሁት ሐሰት መስሎኝ ያየሁትን ተናግሬ ቢሆንስ?

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እሷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሽዬ፣ አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን። አንድም ጊዜ አላነሣኝም?»

ያን ዓረፍተ ነገር ብነግራት ከአፏ ወጥቶ ወንድሙ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ሰጋሁ። ከዚያም የባሰ ስጋት ነበረኝ፦ ብቻዋን ስትሆን ቃሉን አገላብጣ፣ ተራራው ላይ ያቆየው የእሷ ልመና መሆኑን ራሷ ትደርስበታለች።

«ሕመሙ የመናገሪያ ፋታ አልሰጠውም» አልኋት።

«ስለ ዋልያ ግን ተናግሯል።»

የክፍሌን ቁልፍ ከኪሴ ፈለግሁ።

«ለፍየል!» አለች። «ፍየል ማየት አምሮት ከሆነ ይኸው በየመንገዱ ካርቶን ሲበላ ይውል የለም? እኔ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል እየጠረግሁ ዓርብን ስጠብቅ፣ እሱ ለፍየል ብሎ ጥሎኝ ሄደ?» ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። በማግስቱ ጥቁሩን አወለቀች። ጎረቤቶቹ ዓመቱ ሳይሞላ ብለው አሟት፤ እሷ ግን «ለእኔ ያላዘነ ሰው ነው» እያለች መለሰችላቸው።

ልጅቷ መጣች። ወንድሙ ቃሉን ጠብቆ፣ ከፊት ወንበሩ አቅፎ አወረዳት፤ ለመክሰስም ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልሞከረም። እናቷ አሁን በቀን ሥራ ትውላለች፣ ማታ ከልጇ ጋር ታድራለች። እኔ በግድግዳው ማዶ ሁለቱም ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ሲስቁም እሰማለሁ። ያሰብሁት ሁሉ ተሳክቷል ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን በራቸው ላይ ቆሜ ሰላም ስላቸው ልጅቷ አባቷ እንዴት እንደ ሞተ እናቷን ጠየቀች። እናትየው የምታጥበውን ልብስ አላቋረጠችም።

«አባትሽ ገደል ላይ የቆመ ፍየል ሊያይ ሄዶ ቀረ። ና ውረድ ቢሉት እምቢ አለ። እኔም አንቺም ትዝ አላልነውም።»

ልጅቷ ወደ እኔ ተመለከተች። እናቷም ልብሱን እየጨመቀች ቀና አለች።

«አይደል እንዴ ጋሽዬ?»

የግጭን ሜዳ ለማየት ሞከርሁ፤ ጭላዳዎቹን አየኋቸው፣ የተቀመጠበትን ቦታ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ግን አልተሰማኝም።

«ነው» አልኋት።